የተሰበረው ወንበርህ

ውድ ሶረን፣

በታላቅ ሐዘን የማስታውቅህ ጉዳይ ስላለ ቆብህን አውልቀህ አንብብ። ባለፈው ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በብርድ በረዶ ሆኖ የረጋው ሐይቅ ላይ በቆመችው የዓሣ ማጥመጃ ጎጆአችን ውስጥ፣ ዘጠኝ ክረምት ያገለገለህ ወንበር የኋላ ግራ እግሩ ተሰብሮ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። በሥነ ሥርዓቱ ላይ እኔ፣ ልጅህ ብሪታና አንድ ገና ያልሞተ ዓሣ ተገኝተናል። አስከሬኑ ጥግ ይዞ መዶሻህን ይጠብቃል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

አንተና ልጄ ኪርስተን ልትፋቱ መሆኑን የነገራችሁኝ ቀን፣ እሷን ወደ ጓዳ ጠርቼ ምን እንዳልኳት እስከ ዛሬ አልነገርኩህም። "አንድ ተናካሽ ጠበቃ አውቃለሁ፤ ሱሪውን ሳይቀር ያስወልቀዋል" አልኳት። ሱሪው ያንተ ነበር፤ ይቅርታህን። እሷ ግን "አባዬ፣ እኛ አንድ ጠረጴዛ ከበን ተነጋግረን ነው የምንፋታው። ጠበቆቻችንም ፍርድ ቤት ላይቆሙልን፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከሄደም ሊለቁን ፈርመዋል" አለችኝ። "እንዲህ መነጋገር ከቻላችሁማ ለምን ትፋታላችሁ?" ብዬ ሳቅሁባት።

ቤቱንም መኪናውንም፣ ብሪታ ከማን ጋር መቼ እንደምትሆንም ጨርሳችሁ፣ አራተኛው ስብሰባ ላይ በዚች የእንጨት ጎጆ ተያዛችሁ። አብረን የሠራናት ስለሆነች እኔንም አስጠሩኝ። ባዶ እጄን አልገባሁም፤ በቸኮሌት የጋገርኩትን ኬክ በትሪ ይዤ ነበር።

"አባቴ ነው የሠራት" አለች ኪርስተን።

"ጣሪያውን ማን መታው? እሳቸው መሰላል ይዘው ሲያፏጩ አልነበር?" አልክ። እውነትህን ነው፣ አፏጭ ነበር።

"አንተ የመታኸው በኩል እኮ ነው ንፋስ የሚያስገባው!"

"እንግዲያው ፍርድ ቤት እንገናኝ!"

ይኼኔ ሁለቱም ጠበቆች እስክሪብቶአቸውን ከደኑ። ያንተው ካፖርቱን እያነሳ፣ "መልካም። በፈረምነው መሠረት ሁለታችንም እዚህ ላይ እንሰናበታችኋለን። ሌላ ጠበቃ ፈልጉ፤ ከሀ ትጀምራላችሁ" አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ጠብ ሲደራ የሚሄድ ጠበቃ አይቼ አላውቅም!

ብሪታን ለብቻዋ ያነጋገረችው የልጆች ጉዳይ ባለሙያ ከጠረጴዛው ጥግ ማስታወሻዋን ገልጣ ብሪታ የነገረቻትን አነበበች፦ "በረዶው ላይ ዓሣ የምናጠምድበት ሁለት ቀዳዳ አለ። አንዱ የአያቴ ነው፣ አንዱ የአባቴ። እኔ መሃል ነው የምቀመጠው።"

ቀጥሎ ያደረግኸው ትዝ ይልሃል? ትሪው ላይ የመጨረሻዋ ቁራጭ ቀርታለች። መቼም የእኛ የሚኒሶታ ሰው ይሉኝታ ይዞት የመጨረሻዋን አይነካም፤ ሁሉም ግማሽ ግማሿን እየቆረጠ ጥፍር አክላ ነበር። አንተ እሷኑ ደግሞ ለሁለት ከፈልክና ግማሿን ወደ ኪርስተን ገፋህ።

"ይቺን እንኳ መጨረስ ያቅትሃል?" አለችህ።

"አንቺ ጨርሻታ!"

"እኔ? ሰው ሁሉ እያየኝ?"

ሳቃችሁ። ሁለታችሁ አብራችሁ ስትስቁ ከሰማሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። ጠበቃህ ካፖርቱን መልሶ ሰቀለ። ጎጆዋ የብሪታ ሆነች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና አንተ ከእሷ ጋር እንድናጠምድባት ተስማማችሁ። ዛሬ ኪርስተን ስምህን ጥርሷን ሳትነክስ ትጠራለች። ብሪታም ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስትሄድ የምትረሳው ካልሲዋን ብቻ ነው።

ሐይቁ ከረጋ ግን አምስት ቅዳሜ ሆነው፤ አንተ የለህም። ለብሪታ "ያ የእናትሽ ወገን ቦታ ነው" ብለሃታል አሉ። አንተ ጅል! የተፋታኸው ከኪርስተን ነው። እኔን ለመፍታት ማን ስብሰባ ጠራ? ኪርስተንንም መምጣትህ ቅር ይላት እንደሆነ ጠይቄያታለሁ። "እስካሁን ያልመጣው ለምንድን ነው?" ብላ ነው መልሳ የጠየቀችኝ።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሦስት ሰዓት ሙሉ አጠገቤ ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል ሰው ካንተ በቀር አላገኘሁም። ይህን በአፌ ልነግርህ አፍሬ ኖሬአለሁ፤ ወረቀት አያፍርም። ቀዳዳህ በየሳምንቱ በበረዶ ይደፈናል፤ እኔም በየቅዳሜው ከራሴ በፊት እሱን እከፍታለሁ።

ያልፈታኸው አማትህ፣
አርቪድ

ይህን ሳልናዘዝ ፖስታውን ማሸግ አልሆነልኝም፦ ወንበሩ አልተሰበረም። አራት እግሩን ተክሎ ቀዳዳህ አጠገብ ቆሟል። ሌላው የጻፍኩት በሙሉ እውነት ነው። መዶሻህን ተወው፤ የሚጠገን ነገር የለም። እንዲሁ ና።