ከዮፍታሄ ጋር ለወጣው ወንድሜ

ይድረስ ለወንድሜ ለአዝመራው። እህትህ አምሳለ ከሎስ አንጀለስ እንደምን አለህ እልሃለሁ።

መርዶውን የሰማሁት እሑድ ማለዳ ነው። ቅዳሜ ፌርፋክስ ካሉት የሐበሻ ሱቆች ሽሮ ልገዛ ስገባ ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞርብኝ ነበር። ለካ ሰምተው፣ ሥራ የማልገባበትን ቀን እየጠበቁልኝ ኖሯል። ጎረቤቴ እትዬ ኤልሳቤጥ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲገቡ ልጄ ዮፍታሄ እንደሌለ አወቅሁ። የተሳፈረበት መኪና ገደል ገባ አሉኝ።

ዮፍታሄ ወረዳ ጽሕፈት ቤት እየሠራ፣ በዕረፍቱ የአገራችንን የሳይንትን ታሪክ ከሽማግሌዎች እየጠየቀ ሲጽፍ፣ በየቀበሌው ይዘኸው የዞርክ አንተ ነህ። «አጎቴ ከሌለ ሽማግሌዎቹ ግብር ልጨምርባቸው የመጣሁ ይመስላቸዋል» እያለ ያስቀኝ ነበር። መኪናው ገደል በገባበትም ቀን አብራችሁ ነው የወጣችሁት።

አሁን አገር ቤት ስደውል «አዝመራው ደህና ነው፤ ኔትወርክ የሌለበት ሄዷል» ይሉኛል። በልጄ ቀብር ላይ የት ቆሞ ነበር ስል ወሬ ይለውጣሉ። ትናንት ደግሞ እትዬ ኤልሳቤጥ መጡና፣

«አምሳልዬ፣ ከአርባው በኋላ ያለውን እሑድ ኦፍ ውሰጂ» አሉኝ።

«ለምን?»

«እንዲሁ፤ መጥተን እንድንጠይቅሽ።»

«ዛሬስ እየጠየቁኝ አይደል?»

ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ።

ይህን ነገ ለሚበር ሰው እሰጠዋለሁ። በራስህ እጅ አንድ መስመር ጻፍልኝ፤ ወይም ደውልና ተቆጣኝ። ስልኬን ሥራ ላይም አልዘጋውም።

ደብዳቤውን የከፈትከው ሌላ ሰው ከሆንክ፣ ለልጄ ነፍስ ጸልይልኝ። የክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል ነው። የወንድሜን የክርስትና ስም አልጻፍኩም፤ እሱ ራሱ ይነግርሃል።