እስከ አፉ የሞላ ታንከር

ውድ ወንድሜ ጃለታ፣

ይህን ደብዳቤ ያሕያ ሲሰጥህ ፒካፗ አጠገብ ቆመህ ከሆነ መጀመሪያ ራቅ በል። ሲጋራ በእጅህ ካለም አጥፋው፤ ትቼዋለሁ ያልከኝን አላመንኩህም። ራቅ ብለህ፣ ጥላ ፈልገህ፣ ተቀምጠህ አንብብ። ደግሞ እንዳትስቅ። ከልጅነታችን ጀምሮ እኔ ስፈራ አንተ ትስቃለህ፤ የአሁኑ ግን አያስቅም።

ስልክህ ከቅዳሜ ጀምሮ አይሠራም። በደወልኩ ቁጥር ያቺ ሴትዮ "ማግኘት አይችሉም" ትለኛለች፤ ድምጿን ጠላሁት። የላክሁልህ መልእክትም አልደረሰህም። እዚያ በረሃ ኔትወርክ የምታገኘው ከተማ ስትወጣ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ያሕያ ለመንገድ ሥራችሁ ዕቃ ጭኖ ነገ እንደሚነሳ ስሰማ ወረቀት አነሳሁ።

ነገሩ ያቺ መሪው ሥር ሰክተህልኝ የሄድከው የቤንዚን ጌጅ ናት። ቪትዟን ለእኔ ትተህ ወደ ሰመራ ልትሄድ ስትል የገጠምክልኝ። "ከእንግዲህ በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄጂ ቁጭ ብለሽ ታያለሽ" ብለህ ምን ያህል እንደተኩራራህብኝ ትዝ ይልሃል? እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽህም። ጠዋት ጠዋት ከቀጨኔ ወደ እጽዋት ማዕከሉ፣ ወደ ችግኞቼ ስወጣ፣ ዳገቱ ላይ ቁጥሯ ዝቅ ስትል፣ ማታ ስወርድ ደግሞ ከፍ ስትል እያየሁ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ከዚያ ማስተካከል የሚባለው ነገር መጣ። "አዲስ ስለሆነች መኪናዋን አታውቃትም፤ አንቺ ነሽ የምታስተምሪያት" አልከኝ። ታንከሩን እስከ አፉ ታስቀጃለሽ፣ ትነጃለሽ፣ መልሰሽ እስከ አፉ ታስቀጃለሽ፤ ማደያው ስንት ሊትር እንደቀዳልሽ ትነግሪያታለሽ፣ እሷ ራሷን ታርማለች። እኔ በሕይወቴ ታንከር እስከ አፉ ሞልቼ አላውቅም። ለሁለት ለሦስት ቀን የሚበቃኝን አስቀድቼ እሄዳለሁ እንጂ። የማደያው ልጅ ራሱ "ምነው እህት፣ ሠርግ አጃቢ ሆንሽ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ።

የመጀመሪያው ጊዜ ጌጇ አሥር ሊትር ተቃጠለ ስትል ማደያው አሥራ ሁለት ቀዳ። ደወልኩልህ። "አስተካክያት" አልክ። አስተካከልኳት። በሚቀጥለው ልዩነቱ ባሰ። "የጉለሌ ዳገት ነው የሚያታልላት፤ ጨመር አድርጊላት" አልክ። ጨመርኩላት። እንደገና ስደውል ደግሞ ጭራሽ ተሳሳቅን። "የኔዋም እንዳንቺዋ ናት፤ እዚህ ፒካፗ ላይ የገጠምኳት። ሁለቴ ጨመርኩላት፣ አሁን ከማደያው ጋር ልክ ሆናለች" አልከኝ።

ጃሌ፣ ይህችን ንግግርህን ያዝልኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳችኝ እሷ ናት።

ዓርብ ከሥራ ስመለስ እንደ ትእዛዝህ እስከ አፉ አስቀድቼ ገባሁ። ግቢያችንን ታውቀዋለህ፤ መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ላይ ሰቅላ ካልሆነ አትቆምም። ከኋላዋ ያለው ቦይ የሚወርደው ደግሞ እትዬ ገበያነሽ ሸክላቸውን በሚተኩሱበት በኩል ነው። ቅዳሜ ጠዋት እሳቸው ድስቱንና ማሰሮውን ደርድረው፣ እንጨትና ጭድ አልብሰው ጨርሰዋል። የኔዋ ሀሌሉያ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ ባለፈው ሳምንት የሠራቻት የጭቃ ላም የት ትግባ እያለች ትጨቃጨቃቸዋለች።

"ልዩዬ፣ ክብሪት ካለሽ እስቲ ወዲህ በይ" አሉኝ።

ክብሪት ይዤ ስወርድ እግሬ አንሸራተተኝ። ጫማዬን አየሁት፤ ረጥቧል። በጥር ፀሐይ መሬቱን ምን ያረጥበዋል? ማነው እዚህ ውሃ የደፋው ብዬ ጎንበስ አልኩ። ውሃ አልነበረም። ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ከነጋ ጀምሮ ይሸተኝ ነበር እኮ፤ ማደያ ሄጄ እጄ ላይ የቀረ መስሎኝ ነው። በዓይኔ ቦዩን ተከትዬ ወረድኩ። እርጥቡ መስመር ሄዶ ሄዶ ጭዱ ሥር ገብቷል።

ክብሪቱ እኔ እጅ ላይ ነው። ልጄ እዚያ ናት። ቀና ስል እትዬ ገበያነሽ እኔን መጠበቅ ሰልችቷቸው ከማድቤታቸው ፍም በገል ይዘው እየመጡ ነው። እፍ እፍ ይሉበታል። እፍ ባሉ ቁጥር ፍሙ ይቀላል።

"ቁሚ!" አልኩ። እርስዎ ማለቱ ጠፋብኝ። እናታችንን በሚያህሉ ሴት ላይ "ቁሚ! ቤንዚን ነው! ቁሚ!" ብዬ ጮህኩባቸው።

ቆሙ። "መድኃኔዓለም!" ብቻ ነው ያሉት። እኔ ብሆን ፍሙን ጥዬ እሮጥ ነበር፣ እውነቴን ነው። እሳቸው ግን አልጣሉትም። ዓይናቸውን ከፍሙ ላይ ሳይነቅሉ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ፣ ቀስ እያሉ ተመለሱ። ገሉ እየጋለ ነበር፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ሲችሉት አየሁ። የውጭውን በር አልፈው፣ መንገድ ተሻግረው አስቀመጡት። እኔ ሀሌሉያን በአንድ እጄ አንጠልጥዬ ስሮጥ የጭቃ ላሟ ወድቃ ተሰበረች። ልጅቷ ስታለቅስ የዋለችው ለላሟ ነው።

መካኒኩ ስብሐት መጥቶ መኪናዋ ሥር ገባ። ቤንዚን ከሚቀዳበት አፍ ወደ ታንከሩ የሚወርደው የጎማ ቱቦ አርጅቶ ተሰንጥቋል። ታንከሩ ጎደል ሲል ቤንዚኑ እዚያ ድረስ አይደርስም፤ እስከ ዛሬ ያላወቅነው ለዚህ ነው። እስከ አፉ ሞልተን ሽቅብ ስናቆማት ግን ሲንጠባጠብ ያድራል። እንዲያውም ጌጇን ለማስተካከል ብለን በሞላን ቁጥር ነው የሚፈሰው።

"ጌጇስ?" አልኩት።

"ጌጇ የምትቆጥረው ሞተሩ ያቃጠለውን ነው። ልክ ነበረች። የጎደለው ቤንዚን ሞተሩ ጋ አልደረሰማ፤ መሬት ላይ ነው ያለው።"

እዚያው ቁጭ አልኩ። ጌጇ እውነቱን ስትነግረን እኔና አንተ በስልክ እየተሳሳቅን ውሸት አስተማርናት።

ቱቦው ተቀይሯል። እትዬ ገበያነሽ ጣቶቻቸው በፋሻ ተጠቅልለው ጭቃ መንካት አቅቷቸዋል። ልጠይቃቸው በገባሁ ቁጥር "አንቺ ልጅ፣ ተረፍን እኮ! አሁን ምን ያስለቅስሻል?" ይሉኛል። እሳቸው የእኔን ለቅሶ ለእሳቸው ይመስላቸዋል። ለእሳቸውም ነው፤ የበለጠው ግን ላንተ ነው።

ያንተም ጌጅ ከማደያው ጋር አልስማማም ብላህ ነበራ! ሁለቴ አፏን ዘጋሃት። ፒካፗን ድንኳንህ በር ላይ እንደምታቆማት፣ ምድጃችሁን ከነፋስ የምትከልልላችሁ እሷ እንደሆነች የነገርከኝ አንተው ነህ። በዚያ ላይ ያ ሙቀት። ሌት ተቀን እሱ ነው የሚታየኝ፤ አንተ ጎንበስ ብለህ ሽሮህን ስታማስል፣ ከኋላህ ፒካፗ ስትንጠባጠብ። ምናልባት ያንተዋ በእውነት ተሳስታ ይሆናል፣ ቱቦህም ደህና ይሆናል፤ ጌታ እንዲያ ያድርገው። ግን ሆዴ አላምን አለኝ። ፈራሁ ጃሌ። በጣም ፈራሁ።

ስለዚህ እሳት አጥፉ። በቀን፣ በፀሐይ ብርሃን፣ ሥሯ ግባና መሬቱን በእጅህ ዳስሰህ አሽትት። ሰው እንዳትልክ፣ ራስህ ግባ። ቢሸትህም ባይሸትህም ጌጇን ንቀላትና ለያሕያ ስጠው። "ደህና ነኝ በላት" ብለህ እንዳትልክብኝ፤ አንተ እግርህ ተሰብሮም ደህና ነኝ ያልክ ሰው ነህ።

ያሕያ እሑድ ይመለሳል። አዲሱ ገበያ፣ ሁልጊዜ ዕቃ በሚያወርድበት ቦታ ሀሌሉያን ይዤ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ምን እንደሚያወራኝ አልሰማም፤ እጁን ነው የማየው። ጌጇን ከያዘልኝ፣ ወንድሜ መሬቱን ዳስሷል፣ በሕይወት አለልኝ ብዬ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ባዶ እጁን እንዳይመጣብኝ፣ ጃሌ።

ክብሪት ሲጫር በሰማች ቁጥር የምትደነግጠው እህትህ፣
ልዩ
ቀጨኔ