ርቆ የወጣው ቁጥር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፤ አንተም መስማት የምትፈልገው ይህንኑ ብቻ ነው።

«ዳታ ሳይንስ ደግሞ ምኑ ትምህርት ነው፣ ኮምፒውተር መነካካት!» ብለህ በስልክ ስቀህብኛል። ስማ እንግዲህ፤ ስታቲስቲክስ እንማራለን፣ ፕሮግራም እንጽፋለን፣ የተዝረከረከ መረጃ እናጸዳለን። ከሌሎቹ ተነጥሎ ርቆ የወጣ ቁጥር ካለም እንፈልጋለን። አስተማሪው ይህን ሲያስረዳ አንተ ትዝ አልከኝ።

ለቤት ሥራ የአንድ ወር መረጃ ከየቤታችሁ ሰብስቡ ተባልን። እኔም አባባ በቀን ስንት ጊዜ «ምንድን ነው የምትማሪው?» እንደሚለኝ መዘገብኩ። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሁለቴ ነበር፤ አሁን አሥራ አንድ ደርሷል። አንተ ደግሞ በወር አንዴ አምስት ደቂቃ አውርተኸው «ድምፁ እኮ የጎረምሳ ነው» ትለኛለህ። ወሬህን ለራስህ!

ትናንት ጥያቄውን ቀየረ። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ። ሠንጠረዡ ውስጥ የት እንደማስገባው ቸገረኝ፤ ቀልዱን ነው ብዬ ተውኩት።

ፎቶ መላክህን ተውና ራስህ ና። በሩን የሚከፍትልህ እሱ ከሆነ ግን አስቀድመህ ስምህን ንገረው።

ባትመልስም የምትጽፍልህ
እህትህ