ለሁለት ማካፈል ስላቃተው የጽሕፈት ቤቱ ካልኩሌተር

ለክቡር አቶ ስማቸው፣ የሰፈራችን የይዞታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከመላው ባልደረቦችዎና ከኮምፒውተሮችዎ ጋር እንደምን ሰነበቱ? እኔ፣ የቁስቋሙ ሙሉሰው፣ ከእናታችን የወረስነው ግቢ ለእኔና ለእህቴ ለወለላ እኩል እንዲካፈል ካመለከትን ወዲህ፣ እርስዎን ደጅ ስጠና ጉልበቴ ስለጠነከረ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከይቅርታ ጋር ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

፩ኛ. ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣው ካልኩሌተር «ማካፈል አይችልም» ተብሎ መታገዱን ሰምቼ አዘንኩለት። በዓይኔ እንዳየሁት ግን፣ ክቡርነትዎ ኪቦርዱን አማርኛ ላይ እንደተዉት የግቢያችንን ካሬ ጻፉና፣ የማካፈል ምልክት መስሎዎት የአማርኛውን ሰረዝ «፥» መቱት። ምስኪኑ ምን ያድርግ? ሰረዝ ሲያይ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ በጨዋ ደንብ ጠበቀ።

፪ኛ. በምትኩ ኮሚቴ አቋቁመው ከኢንተርኔት ያስመረጡት እጅግ ሸጋ ነው፤ የነፍሰ ጡር መውለጃ ቀን ይተነብያል፣ የሙቀት መጠን ይቀይራል፣ ስሙን እንኳ የማናውቀውን ስሌት ሁሉ ይሠራል። ኔትወርክ ከሌለ ግን አይከፈትም፤ የእኛ ኔትወርክ ደግሞ ደመና ባየ ቁጥር ይሸሻል። ስለዚህ በመጣን ቁጥር «ሲስተም የለም» እንባላለን። ምነው ክቡርነትዎ፣ ወለላና እኔ ከልጅነታችን ጀምሮ ዳቦ የተካፈልነው በየትኛው ሲስተም ነበር?

፫ኛ. ይኼኛው ቀልድ አይደለም። እህቴ ወለላ ማራኪ ሰፈር የተከራየችውን ክፍል እንድትለቅ ተነግሯታል፤ ድርሻዋ ካልተለየ ደግሞ በግቢያችን አንዲት ቤት ለመቀለስ ፈቃድ አታገኝም። እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴ አሯል።

ለዕለት ሥራ የሚሆን ካልኩሌተር አራቱን የሂሳብ ስሌቶች ካወቀና ያለ ኔትወርክ ከሠራ ይበቃልና፣ እባክዎ ያንን የታገደውን ይፍቱልን። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቢመልሱለት ወዲያው ትታረቃላችሁ።

በደጅዎ አግዳሚ ላይ ቋሚ ወንበር የተሰጠው፣ ለውለታዎ ቃል ያጠረው፣ ትሑት አገልጋይዎ
ሙሉሰው፣ ከቁስቋም

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ወለላ ልጆቿንና ፍራሿን ይዛ እኔው ዘንድ ገባች። ማካፈሉ ቢያቅትዎም፣ ማባዛቱን ግን ያለ ካልኩሌተር ችለውበታል፤ በአንዲት ክፍሌ ውስጥ አባዝተውናል።