ለመቀመጥ የተቀጠሩ ሰዎች

ሰኞ፣ ጁን 3

ዝናብ። ከምኖርበት ሮንጋይ ተነስቼ መሀል ናይሮቢ እስክገባ ጠዋቱ አለቀ። ማታቱ ታክሲ ውስጥ ምን ላድርግ... እኔው የጻፍኩትን መጽሐፍ አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አንገቱን አስግጎ ያያል።

"ስለ ምንድነው?"

"ማታቱ ከተማችንን እንዴት እንደሠራት።"

በመስኮት ወደ መንገዱ ዞረ። ሦስት ረድፍ መኪና ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋል።

"ሠራት?" አለና ተኛ።

ኮሌጅ ስደርስ ተማሪዎቼ ሄደዋል።

ረቡዕ፣ ጁን 5

አሳታሚዬ ወይዘሮ ዋቼራ አስጠሩኝ። ቢሮ የሚያስገቡኝ መስሎኝ ነበር፤ መጋዘን አስገቡኝ። መጽሐፌ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። እስካሁን ማን ገዛ? እናቴ። ከዚያ ደግሞ እናቴ፣ መግዛቷን ረስታ።

"ክዋምቦካ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እናስመርቀዋለን። አዳራሹ ከሞላ መጽሐፉ ይቆያል። ካልሞላ ግን... የእንቁላል መያዣ የሚሠሩ ሰዎች ወረቀት እየፈለጉ ነው።"

የእንቁላል መያዣ! ፌርማታ ባለበት ገበያ እንደሚበቅል፣ ገበያ ባለበት ሰፈር እንደሚቆረቆር ስንት ዓመት ለፍቼ ጽፌ... እንቁላል ሊደረደርበት?

እንባዬን እየጠረግሁ ቤት ገባሁ። ራበኝ። ያለው እንቁላል ብቻ። ሳልበላ ተኛሁ።

ዓርብ፣ ጁን 7

ወንድሜ ሞማኚ መጣ። የሮንጋይ መስመር ወያላ ነው። ሁሉን ነገርኩት። የኔን ቻፓቲ ቂጣ ጭምር እየበላ አሰበበት።

"እታለም፣ ባዶ መኪና ውስጥ ማን ይገባል? ማንም። አዳራሽም ያው ነው። ተቀማጮቼን አመጣልሻለሁ።"

ተቀማጮቹን! መኪናው የሞላ እንዲመስል ተቀጥረው የሚቀመጡትን። ዋናው ተሳፋሪ ሲገባ አንዱ ሹልክ ብሎ ይወርዳል፣ ሌላው ሲገባ ሌላው። ስንቴ ሸወዱኝ... አሁን ሊነሳ ነው ብዬ ሮጬ ገብቼ፣ ሁሉም ወርደው ብቻዬን ያስቀሩኝ ጊዜ አለ።

"ማታለል ነው" አልኩት።

"የእንቁላል መያዣው ይሻልሻል?"

ሻይ ቀዳሁለት። እሱም እሺ እንዳልኩ ቆጠረው። እሺ ብዬም ሊሆን ይችላል።

ረቡዕ፣ ጁን 12

የምረቃ ቀሚሴን ለካሁ። ጠበበኝ። ከሐሳብም ይወፈራል እንዴ?

ቅዳሜ፣ ጁን 15

ጉዴን ለማን ልንገር... ለዚህ ደብተር እንጂ።

ስደርስ አዳራሹ ጢም ብሏል። ሞማኚ በር ላይ ቆሞ "አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው! አሁን ይነሳል!" ይላል። ወይዘሮ ዋቼራ ፊታቸው በርቷል። መድረክ ላይ ወጥቼ ጀመርኩ።

አንድ እንግዳ ገባ፣ እውነተኛ እንግዳ። ከፊት ረድፍ አንዱ ተቀማጭ ብድግ ብሎ ወጣ። ሌላ እንግዳ ገባ፤ ሌላ ተቀማጭ ውልቅ አለ። ለካ ሞማኚ እስከ መጨረሻው ተቀመጡ አላላቸውም! እነሱ ደግሞ የለመዱት ሥራ ይኸው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር በተናገርኩ ቁጥር አንድ ሰው ይወጣል። ላቤ ጠብ ጠብ ይል ጀመር።

ወይዘሮ ዋቼራ ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ "ምን እያልሽ ነው ሰው የምታባርሪው?"

የእንቁላል መያዣው ታየኝ።

ከዚያ የማማ ናፉላ ተራ ደረሰ። በመስመሩ እንደሳቸው የቆየ ተቀማጭ የለም አሉ። ከረባት ያሰረ ወጣት መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። አልተነሱም።

"ማማ፣ የወንበሩ ባለቤት መጥቷል እኮ" አለ ሞማኚ።

"ይቁም።"

"ማማ፣ ሥራ ነው... ይነሱ እንጂ።"

"ዕድሜዬን ሙሉ መኪናው ሳይነሳ ስወርድ ኖርኩ። ዛሬ ገና ተነስቶ መሄድ ሲጀምር ውረጂ ትለኛለህ? መጨረሻው ጋ ነው የምወርደው። አንቺ ልጅ፣ ቀጥዪ።"

እንኳን ልቀጥል፣ ስሜንም አላስታወስኩም።

"እኔ የጥሪ ወረቀት አለኝ" አለ ባለከረባቱ።

"እኔ መቀመጫ አለኝ" አሉት።

ይኼን የሰሙት፣ ወጥተው በር ላይ የቆሙት ተቀማጮች ሁሉ ተመለሱ። እሳቸው ከተቀመጡ እኛስ ምን በድለን? አንዱ ለምረቃው የመጣውን ጎረቤቴን ከወንበሩ ሊያስነሳው፣ ጎረቤቴ አልነሳም ሊል... የባለከረባቱ ከረባት በምን እንደተፈታ እንጃ። ሞማኚ መሀል ገብቶ "ተጠጋጉ፣ ተጠጋጉ፣ ሦስት ሦስት!" ይላል። ባንድ ወንበር ሁለት እየሆኑ ተቀመጡ። እኔም ቀጠልኩ። አንድም ሰው ሳይወጣ ጨረስኩ።

ወይዘሮ ዋቼራን ለማየት ፈራሁ። እሳቸው ግን እየሳቁ እንባቸውን ይጠርጋሉ።

"በመጽሐፍ ምረቃ ሰው በወንበር ሲጣላ አይቼ አላውቅም። ለእንቁላሎቹ ሰዎች ደውሉና ሌላ ቦታ ይፈልጉ በሏቸው።"

ማማ ናፉላ ሲወጡ አንድ መጽሐፍ በብብታቸው ይዘዋል፤ ከኋላቸው የወጡት ተቀማጮችም እንደዚያው። ማን ይጠይቃቸዋል?

እሑድ፣ ጁን 16

እናቴ ደወለች። መጽሐፉን ልትገዛ ፈልጋለች።

ሰኞ፣ ጁን 24

ረፍዶብኝ ፌርማታ ደረስኩ። የሞማኚ ማታቱ ሞልቶ ቆሟል። ይህን ዘዴ አውቀዋለሁ፤ ገባሁና አንዱ እስኪወርድልኝ ጠበቅሁ። አንድም ንቅንቅ የለም። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። ታመሙ እንዴ? ጎንበስ ብዬ አየሁ። መጽሐፌን ለሁለት ለሁለት ይዘው ያነባሉ።

"ውረዱ እንጂ፣ ተሳፋሪ መጣ!" ይላል ሞማኚ። ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል።

ማማ ናፉላ ጣታቸውን ገጹ ላይ አስቀምጠው ቀና አሉ። "ምዕራፍ አምስት ላይ ነን። በሌላ መኪና ይሂዱ።"

"ደራሲዋ ናት እኮ፣ ማማ።"

አዩኝ። ፈገግ አሉ።

"እንግዲያስ እሷ አንብባዋለች" ብለው ተመለሱበት።

ሞማኚ ግንባሩን በመኪናው በር ላይ አስደግፎ፣ "እታለም፣ እንጀራዬን ዘጋሽው" አለኝ።

ሌላ መኪና እስከማገኝበት ፌርማታ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ብቻዬን ስስቅ ሰው ያየኝ ነበር። ኮሌጅ ስገባ አለቃዬ ሰዓቱን እያሳየ ለምን እንዳረፈድኩ ጠየቀኝ።

"መኪናው በአንባቢ ተይዞ ቦታ አጣሁ" አልኩት።

አላመነኝም። እኔም ራሴ ገና አላመንኩም።