ቆርጦ የማያውቅ ስለት

አርዲቦ ሐይቅ ዳር
ኅዳር ፲፮ ቀን ፪ ሺህ ፲፬ ዓ.ም.

…መስታወት የመሰለውን የባልጩት ድንጋይ ወደ ፀሐይ አንስተህ «ጠርዙን እዪው፣ ብርሃን ያሳልፋል» ስትለኝ፣ እኔ ብርሃኑን ትቼ ጣትህን ነበር የማየው። ደምቶ ነበር፤ አንተ አልታወቀህም። ስነግርህ አንድ ነገር አልከኝ። ምን እንዳልከኝ ከጠዋት ጀምሮ ለማስታወስ እየሞከርኩ ነው።

ዘይኑዬ፣ እንደምን ነህ? እኔ ደህና ነኝ። ምጥ ጀምሮኛል።

አትደንግጥ። ገና መጣ ሄድ ይላል፤ ሲሄድ እጽፋለሁ። ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ የማወራህ እንዲህ ነው፤ መንገድ ሲከፈት ነጋዴው ሀሚድ ያደርስልኛል። አንተ ቆፍረህ ካወጣሃቸው ድንጋዮች ግማሹን ልታስመረምር አዲስ አበባ ሄድክ፤ እኔ የመጀመሪያ ልጄን እንደ ወጉ በእናቴ ቤት ልወልድ እዚህ መጣሁ። ለጥቂት ሳምንት ነበር። ጦርነቱ መሃላችን ገባ።

ጤና ጣቢያው ተዘግቷል። ሱቆቹ ተዘርፈው አንድ ምላጭ አልቀረም። እናቴ ደግሞ እትብት የሚቆረጠው ሌላ ነገር ቆርጦ በማያውቅ ስለት ነው ብላ የቤቱን ቢላ ሁሉ መለሰችው። የምታዋልደኝ ጎረቤታችን እትዬ ቦጋለች፣ እኔን ስታደርስ አልጋ ሥር ያስቀመጥከውን የቀሩትን ድንጋዮች ከረጢት አየች።

«ምላጭ በከረጢት ሞልቶ ምን ያስጨንቃችኋል?»

«የጥንት አዳኞች የሠሩት ነው፤ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት» አልኳት።

እናቴ አሰብ አደረገች። «አዳኞች ከሆኑ አርደውበታል። ቢስሚላህ ብለው ነው?»

«እማ፣ ያን ጊዜ እኮ…»

«እንግዲያው የልጅ ልጄን አይነካም።»

«በስመ አብም አላሉማ» አለች እትዬ ቦጋለች፤ ከረጢቱን በእግሯ ወደ ቦታው ገፋችው። ሁለቱ በሥጋ ነገር ተስማምተው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለዚህ ለመለማመጃ ከአፋር ያመጣኸውን ጥሬ ባልጩት አወጣሁ። እንዳሳየኸኝ ጭኔ ላይ ቁርበት አነጠፍኩ። መታሁት፤ ተንኮታኮተ። ምጡ መጣ። እስኪሄድ ጠበቅኩት። ደግሜ መታሁ፤ ወፍራም ወጣ። ኋላ ግን አንዲት ስስ ፍንካች እጄ ላይ ወደቀች። ወደ ፀሐይ አነሳኋት። ብርሃን አሳለፈች።

አሁን እናቴ በድስት እየቀቀለቻት ነው። «ጨው ልጨምርባት?» ትላለች። «ብቻ እንዳትለሰልስብን» ትላለች እትዬ ቦጋለች። ስስቅ ምጡ ይብስብኛል፤ ተዉኝ ብላቸው አይተዉኝም።

ቆይ።

ሄደ። ይህኛው ረዘም አለ።

አንተ ድንጋዩን የጠረበውን ሁልጊዜ «አዳኙ» ነው የምትለው። ድንጋዩን ስመታ ግን እኔ ያሰብኩት ሴት ነው። ሐይቁ ዳር ተቀምጣ፣ ሆዷ እንደኔ ገፍቶ። ባሏ አደን ወጥቷል። እየጠረበች ቀና ትላለች፣ መንገዱን ታያለች፣ መልሳ ትጠርባለች። ተመልሶ ይሁን አይሁን ድንጋዩ አይናገርም። ወይስ ይናገራል?

ከማዶ ተኩስ ይሰማል፤ የሩቅ ነው። እናቴ የሠርግ ነው ትለኛለች። እኔም ማን አገባ ብዬ እጠይቃታለሁ።

ከረጢትህ ደህና ነው። ወንድ ከሆነ ስም ታወጣለህ፤ ሴት ከሆነች ግን አልጠብቅህም። ምጡን አላህ ያግራላት በለኝ። አንተንም ባለህበት ይጠብቅህ፤ መንገዱን ወደኛ ያቅናው።

አሁን አስታወስኩት። «ስለቱ ጥሩ ሲሆን አያምም» ነበር ያልከኝ።

ኑርሀያትህ

እትዬ ቦጋለች ድስቱን ይዛ ገባች። በሩን ዘጋችው። እስክሪብቶዬን ላስቀምጥ።