ያለ ጉዳይ የሚሄድ ጸሐፊ

ሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1955 ዓ/ም። አሰበ ተፈሪ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል።

1,840 እርምጃ። ከቤቴ ደጃፍ እስከ ወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ፣ ደርሶ መልስ። ቅዳሜ 1,600 ነበር። ላቤን ሳልጠርግ ነው የምጽፍልህ፣ ደብተሬ፣ ቁጥሩ እንዳይጠፋኝ።

ዛሬ አምስተኛ ቀኔ። ግራ እግሬ ከዳሌዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ እንደሚደነዝዝ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ለባለቤቴ ለአስካለም። የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ግን በመርፌ ወጋ ወጋ አድርጎ ደረሰበት። ስንት ዓመት ተቀመጥክ አለኝ። የፍ/ቤት ጸሐፊ ከሆንኩ 11 ዓመቴ ነው አልኩት። መድኃኒት አልሰጠኝም። መድኃኒትህ ከወንበር መነሣት ነው፣ በየቀኑ ካልሄድክ ይህ እግር ጥሎህ ይሄዳል አለ።

ከእኔ በፊት በዚሁ ወንበር የተቀመጡት ሰውዬ በሁለት ምርኩዝ ነው ከመ/ቤቱ የወጡት። ቀጥሎ ጡረታ፣ ቀጥሎ አልጋ። እኔ ገና 41 ነኝ። ያውም በአውራጃው እንደ እኔ ፈጥኖና አሳምሮ የሚጽፍ የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ለመኩራራት ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 16። ከሰዓት በኋላ።

ችሎት ላይ ቆሜ መጻፍ ሞከርኩ። መዝገቡን የፋይል ሣጥኑ ላይ ዘርግቼ። ወገቤ እፎይ አለ። ሁለት ምስክር እንደጻፍኩ ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁና፣ ጌታቸው፣ ማን ከሰሰህ? አሉኝ። ችሎቱ በሙሉ ሳቀ። በችሎት የሚቆመው ከሳሽና ተከሳሽ ነው፤ ጸሐፊ ይቀመጣል። ተቀመጥኩ።

ግን ጠረጴዛው ሥር ማን ያየኛል? ተረከዝ ማንሣት፣ ማውረድ። በአንድ ምስክር 50 ጊዜ። ዛሬ ከተቀመጥኩ በኋላ ሰባት ምስክር ተሰማ። 350! የወሰን ክርክር ይብዛልኝ፣ ምስክሩ አያልቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 22። ጠዋት።

3,120። ወፍጮ ቤቱን አልፌ፣ የማሽላውን ማሳ ዳር ዳሩን ይዤ፣ እስከ ጋራው ሥር። ጮክ ብዬ ነው የምቆጥረው፣ አለዚያ ይምታታብኛል። በየመቶው ቆም፣ እርሳስ ከኪስ፣ መጻፍ፣ መቀጠል። ማሽላው አሽቷል። ሰው ሁሉ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ይጠብቃል። እኔ ሳልፍ ወንጭፉ ሁሉ ጸጥ ይላል። ያዩኛል። ይዩኝ! የመንግሥት ሠራተኛ እንዲህ ሲራመድ የት አይተው ያውቃሉ?

አንድ ነገር ብቻ ያሰለቸኛል። ያገኘኝ ሁሉ «ኤሳ ዴምታ?» ይላል። ወዴት ትሄዳለህ ማለት ነው፤ እዚህ ተዛውሬ በመጣሁ በሁለት ዓመት ይህን ያህል የአገሩን ቋንቋ ለምጃለሁ። የትም፣ እላለሁ። አያምኑኝም። በተለይ ሼህ ዑመር የሚባሉት ሽማግሌ፣ የትልቁ ማሳ ባለቤት፣ ማማቸው ላይ ተቀምጠው እንደ ጉጉት ያፈጡብኛል። ሥራ የላቸውም?

አስካለ ሱሪዬ ከወገቤ ሲንሸራተት አይታ፣ በዚህ ዕድሜህ የምታሯሩጥህ ማን ናት፣ ንገረኝና ላመስግናት አለች። ቀበቶዬ ቀዳዳ አለቀበት። በሚስማር ሁለት ጨመርኩ!

ሰኞ፣ ጥቅምት 26። ማታ 12 ሰዓት።

4,000 ሙሉ። ድሬሰሩ ዘንድ ጎራ አልኩ። መርፌውን አወጣ። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሲወጋኝ ጮህኩ። በመጮሄ ደስ ብሎኝ ደግመህ ውጋኝ አልኩት። ሰው በመርፌ ተወግቶ እንዲህ ሲደሰት አላየሁም አለ። በመንገድ ላይ ብቻዬን እየሳቅሁ ተመለስኩ። የሰው ፈውስ ከሰው እጅ ይመጣል፤ የእኔ ከገዛ እግሬ መጣ። ማን እንደ እኔ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 29።

ቁጥር የለም።

ጠዋት ቢሮ ስገባ አሥራ ሁለት ገበሬዎች ግቢው ውስጥ ቁጢጥ ብለዋል። ሼህ ዑመር ከፊት። ዳኛው ፊት ቀረቡ፤ አስተርጓሚያችን አቶ ኢብራሂም ቃላቸውን ተረጎመ፤ እኔ እንደ ልማዴ ጻፍኩ። እስከ ግማሽ ድረስ ስለ ማን እንደሚያወሩ አልገባኝም። በየማለዳው አንድ የመንግሥት ሰው የመሬታችንን ዳር እየረገጠ ይለካል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥራል። በየመቶው ይጽፋል። ወዴት ነህ ሲባል የትም ብሎ ይሸሽጋል። ቀላድ ሊጣልብን ነው፣ ተለክቶ ሊወሰድብን ነው። እዚህ ላይ ሼህ ዑመር ጣታቸውን ቀሰሩ። ወደ እኔ። ብዕሬ ቆመ።

ስለ እግሬ ተናገርኩ። ስለ ድሬሰሩ ተናገርኩ። ሰው ለእግሩ ብሎ መሬት ይቆጥራል እንዴ? ብለው ገበሬዎቹ ተያዩ። ዳኛው እነሱን አረጋግተው ካሰናበቱ በኋላ በእኔ ላይ ወረዱብኝ። ጉዳዩ እስኪጠራ ከቤትና ከቢሮ በቀር አንድ እርምጃ እንዳልሄድ አዘዙኝ። ሌላ አቤቱታ ከመጣ ወደ ሚኤሶ እንድዛወር ይጽፋሉ። በሚኤሶ ሐሩር ማን ይራመዳል? ያን ጊዜ እግሬ አለቀለት።

እሑድ፣ ኅዳር 2።

ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ዛሬ ቅዳሴው ሳያልቅ ግራ እግሬ ከሥሬ ጠፋ። ግድግዳ ይዤ ወጣሁ። አስካለ ክንዴን ያዘችኝ፤ ሰው እያየ! ተናደድኩ። በገበሬዎቹ፣ በዳኛው፣ ይበልጡን በራሴ። አሥራ አንድ ዓመት የወሰን ክርክር ስጽፍ ኖሬ በሰው ወሰን ላይ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ? ቂል!

ከሰዓት ኢብራሂም መጣ። ለእኔ ብሎ ሼህ ዑመር ዘንድ ሄዶ ነበር። ዳኛው ደብዳቤ ቢጽፉላቸው እንኳ አይበቃቸውም፤ የቢሮ ወረቀት ስንቱን ቤት አፍርሷል ብለውታል። የሚፈልጉት ቁጥሩ የተጻፈበትን ደብተር ነው። ይምጣና ፊታችን ያንብበው፣ አንተ ተርጉም አሉት።

አንተን ማለታቸው ነው፣ ደብተሬ። ድንዛዜዬን፣ ሱሪዬን፣ የአስካለን ቀልድ፣ ጉጉቱን። እምቢ አልኩ። ኢብራሂም ሳይቆጣ ሄደ። አስካለ ግን ከጓዳ ሰምታለች። እኔ የምደግፍህ እስከ ስንት ዓመት ነው? ብላ ጠየቀችኝ። ቀልድ አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4። ማታ 2 ሰዓት።

አነበብኩ! የአስካለ ጥያቄ ከዳኛው ክልከላ በለጠብኝ።

ከቢሮ መልስ፣ ከሼህ ዑመር ማማ ሥር፣ ሃያ ያህል ሰው ተቀምጦ። ኢብራሂም ከጎኔ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ቁጥሩ፣ እግሩ፣ መርፌው። የችሎቱ ነገር ላይ ፈገግ አሉ። ተረከዜን እንዴት እንደማነሣ ቆሜ አሳየሁ። ሴቶቹ ሳቁ።

ከዚያ ጉጉቱ ላይ ደረስኩ። መዝለል ይቻል ነበር። ከኢብራሂም በቀር አማርኛ የሚያነብ የለም፣ እሱም አያጋልጠኝም። ግን በ11 ዓመት ውስጥ ከሰው ቃል አንዲት ፊደል ዘልዬ አላውቅም። የራሴን ልዝለል? ፊቴ እየጋለ አነበብኩ። ኢብራሂም አንዴ አየኝና ተረጎመ። ሼህ ዑመር ጢማቸውን አሻሹ። ኋላ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ወፍ ጠባቂ እንደ ጉጉት ካላፈጠጠ ማሽላው ለማን ይተርፋል አሉ። ወደ ሰዉም ዞረው፣ «ለፋ ሚቲ፣ ሚላ!» መሬት አይደለም፣ እግር ነው። ሃያ ሰው አንድ ላይ እግሬን አየ።

ከዚያ ተነሥ፣ ተከተለኝ አሉኝ። ጋራው ላይ፣ እስከ ጫፍ፣ ኢብራሂም ከኋላችን እያለከለከ። ሰባ ያልፋቸዋል፤ ሽርጣቸውን ሰብስበው ሲወጡ ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም። እኔ ሦስት ጊዜ ቆምኩ። ግን ወጣሁ! ያለ ምርኩዝ፣ ያለ ሰው ክንድ። ከላይ ከተማው በሙሉ፣ ወደ ሂርና የሚሄደው መንገድ፣ የፍ/ቤቱ ቆርቆሮ እንደ ክብሪት ቀፎ አንሶ። እዚያች ውስጥ ተቀምጬ ነው እግሬን ልጨርስ የነበረው። ደስታዬን የምጽፍበት ቃል አጣሁ፣ እኔ ጸሐፊው።

ፍርዳቸውን የነገሩኝ እዚያ ላይ ነው። አምነውኛል። በፈለግኩት ሰዓት ልሂድ፤ ለዳኛውም ነገ ራሳቸው መጥተው ይናገራሉ። ደብተሩ ግን እነሱ ዘንድ ይቅር። አንተን አወቅንህ፤ አንተ ግን ትዛወራለህ፣ ትሞታለህ፤ ከአንተ በኋላ የሚመጣው ጸሐፊ ስለ እግርህ ምን ያውቃል? የእኛን ማሳና ቁጥር ነው የሚያየው አሉ።

ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ማን እንደጻፋት በማይታወቅ ብጣሽ ወረቀት የሰው እርሻ ሲሄድ ስንቴ በእጄ መዝግቤያለሁ? እስከ ጠዋት ጊዜ ስጡኝ ብዬ ወረድኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5። ጠዋት 12 ሰዓት።

ቁጥር ያለባቸውን ገጾች ቀድጄ ልሰጥ አስቤ ነበር። ግን የተቀደደ ደብተር ማን ያምናል? እኔም በችሎት አላምን። ሙሉህን ትሄዳለህ። ቆርጫለሁ።

ይከፋኛል፤ ለምን እዋሽሃለሁ? በ11 ዓመት የጻፍኩት ሁሉ የሌላ ሰው ቃል ነው። ማንም ሳያዘኝ፣ የራሴን ቃል የጻፍኩት በአንተ ላይ ብቻ ነው። ሼህ ዑመር በእንጨት ሣጥናቸው እንደሚያኖሩህ ቃል ገብተዋል፤ አይጥ አይደርስብህም። እኔም በየማለዳው በደጅህ አልፋለሁ።

አስካለ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ዛሬ አብሬህ እሄዳለሁ፣ ልይህ ብላለች። ክንዷን ግን አልያዝኩም፣ አላስፈለገኝም።

በል ና፣ ደብተሬ። እስከ ማማው ድረስ እኔው አደርስሃለሁ፤ በእግሬ።